አርባ ስምንት ደረጃ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰላምታውን ግማሽ ገጽ አላስፈጅበትም፤ ወረቀቱም ቴምብሩም ከኔው ኪስ ነው። ደህና ነኝ። ደህና ነህ ብዬ አምናለሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ። የሰላምታውን ሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረስኩ፤ አሁን ወደ ጥያቄዎችህ።

ደረጃው አርባ ስምንት ነው። ለምን እንደፈለግኸው አልገባኝም። እኔ ግን አምስት ወር ሙሉ ስወጣው ስወርደው ኖሬ ቁጥሩን አለማወቄ አናደደኝና ትናንት ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ ወጣሁ። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ሴትዮ በሯን ከፍታ "ምን ጠፋብሽ?" አለችኝ። መደገፊያው በግራ በኩል ነው፣ ብረት ነው፣ እስከ ላይ ድረስ አይቋረጥም። አንተ የምትተኛበትን አልጋ ብሎን ሳትቆጥር እንቅልፍ የማይወስድህ ሰው ስለሆንክ የሰዓት ሠሪ ጥያቄ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ክፍሉ አንድ መስኮትና ሁለት አልጋ አለው። አንዱ አልጋ የነርሷ ነው። ነርሷ ማለት ኪራዩን የምትካፈለኝ ልጅ ናት። እሷ ሆስፒታል ተረኛ ሆና ስለምታድር ክፍሉ ሌሊት የኔ፣ ቀን የሷ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ስንገናኝ እንደ ሩቅ ዘመድ ተሳስመን ወሬ እንጀምራለን።

ውላችን አልጠፋኝም። ሚያዝያ ሠላሳ ቀን እዚህ ከመጣሁ ዓመት ይሞላኛል። እስከዚያ በራሴ ገቢ በደንብ መኖር ካልቻልኩ በአውቶቡስ መጥተህ፣ ሻንጣዬን አንስተህ፣ ሱቅህ ውስጥ ከባንኮኒው ኋላ ታስቀምጠኛለህ። በጥገና ካርኒ ጀርባ ላይ እያለቀስኩ የፈረምኩት ስለሆነ እስክሞት አልረሳውም። "እየኖርሽ ነው ወይስ ቀን እየገፋሽ?" ላልከኝ፣ እየኖርኩ ነው። ሥራ ደህና ነው።

ይልቅ ፊደልህ ምነው እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ገዘፈ? በአንድ ገጽ ስድስት መስመር! እኔን ቆጥቢ እያልክ አንተ ወረቀት ትጨርሳለህ።

ሰከንድህ


ኅዳር 2

ይድረስ ለሰከንዴ፣

ከልጅነትሽ ጀምሮ እንደዚያች ቀጭን የሰከንድ ቆጣሪ ስለምትሮጪ ነው ይህን ስም ያወጣሁልሽ፤ ደብዳቤሽም እንደዚያው ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ከመጠን በላይ ሮጠሻል። ስለ ደረጃ ግማሽ ገጽ የጻፈች ልጅ ስለ ሥራዋ ሦስት ቃል ብቻ ጻፈች።

ፊደሌ የገዘፈው ብዕሩ ወፍራም ስለሆነ ነው። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ የሰጠኝ ነው።

ሱቁን አሁን ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የምከፍተው። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ጥሩ አይደለም። ደግሞ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ከስልኩ ላይ ስለሚያይ የሚጎዳ ደንበኛ የለም። አትጨነቂ።

በሌላ ወረቀት አሥራ አንድ ጥያቄ አያይዣለሁ። በተራ ቁጥር መልሺ፤ እንደ ልማድሽ አትዝለይ።

ወንድምሽ


ኅዳር 25

ይድረስ ለጋሼ፣

በተራ ቁጥር አልመልስም፤ እንደ መርማሪ ጠይቀህ እንደ ተከሳሽ አታስቀምጠኝ። ደስ ካለኝ ልጀምር።

አዎ፣ የአውቶቡሱ ረዳት እያንዳንዱን ፌርማታ ጮክ ብሎ ይጠራል። የኛ መስመር ረዳት እንዲያውም "መድኃኒት ቤቱ ጋ፣ ቀዩ አጥር ጋ፣ ውሻው ያለበት ጋ" እያለ ነው የሚጠራው፤ ውሻው ግን ድሮ ሞቷል አሉ። ዓይንህን ጨፍነህ ብትሳፈር አትጠፋም። እኔ ግን አብዛኛውን በእግሬ ነው የምሄደው። ጫማዬን ሁለቴ ሶል አስቀይሬዋለሁ፣ ከታክሲው ይሻላል።

ምን እበላለሁ? ይህንን ብትሰማ ትቀናለህ። እኛ ፎቅ ላይ ስድስት በር አለ። እኔ ስመጣ ስድስት ምድጃ፣ ስድስት ድስት፣ ስድስት ሰው ለብቻው ይበላ ነበር። ሁለተኛ ወር ላይ ነርሷ "አንድ ትልቅ ድስት ብንገዛስ?" አለች። አሁን ተራ አለን፤ እኔ ማክሰኞ ለሁሉም እሠራለሁ፣ በቀሩት ቀናት ሳህኔን ይዤ በር አንኳኳለሁ። ገበያ የምሄደው ነጋዴዎቹ እቃ መሰብሰብ ሲጀምሩ ነው። ትንሽ የተመታ ቲማቲም፣ ቅርጹ የማያምር ካሮት ለድስት ምኑ ነው? ሽንኩርት ሻጯ አሁን ያወቀችኝ ስለሆነ "ያቺ የድስት ልጅ መጣች" ብላ ለብቻ ታስቀምጥልኛለች።

በምን እንደምደሰት ጠይቀሃል። ከኛ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። ከመስኮቱ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ፣ መቀመጫ አይከፈልበትም። ሐሙስ ሐሙስ ፒያኖ የምትማር አንዲት ሴት አለች፤ አንድ ዘፈን ትጀምርና ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ትሰናከላለች። አሁን እኔም ቦታዋን አውቄያት፣ ስትደርስ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሌላ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሲኒማ ቤት የሚይዘውን ትንፋሽ እኔ በነጻ እይዛለሁ።

ስድስተኛውን፣ የሥራውን ጥያቄ ዘልየዋለሁ። ይቅርታ። በሚቀጥለው እመልሰዋለሁ።

ሌላ ጉዳይ። የእማዬ ሰዓት ቆመችብኝ። ጣቢያው አጠገብ ያለው ሰዓት ሠሪ የጠራውን ዋጋ ስሰማ ሰዓቷን ከእጃቸው ነጥቄ ነው የወጣሁት። ወንድሜ ሰዓት ሠሪ ሆኖ ለባዳ ልከፍል? በካልሲ ጠቅልዬ በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ልኬልሃለሁ። ካልሲውንም መልስልኝ፣ ጥንዱ እዚህ ነው።

ሰከንድህ


ታኅሣሥ 14

ይድረስ ለሰከንዴ፣

ሰዓቷም ካልሲውም ደርሰውኛል።

ክዳኑን እንደከፈትኩ ሸተተኝ። በጣቴ አሸሁት፣ ከዚያ ምላሴ ላይ አደረግኩት። የስንዴ ዱቄት ነው፣ እርሾ የነካው።

ሠላሳ ዓመት ሰዓት ከፍቻለሁ። የአናጢ ሰዓት ውስጥ የእንጨት ብናኝ አለ። የዚህ የጎረቤቴ ሰዓት ውስጥ ፀጉር አለ፣ በየዓመቱ አወጣለታለሁ። የጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሰዓት ውስጥ የሚገኘው የወረቀት አቧራ ነው። ያንቺ ሰዓት ውስጥ ግን ግማሽ ዳቦ ይወጣል። የገባው በመሙያው በኩል ነው። ሊጥ በነካ እጅሽ ነው የምትሞያት፤ አንድ ቀን አይደለም፣ ወራት ነው።

ዛሬ የጥያቄ ወረቀት አላያያዝኩም። ጥያቄው አንድ ነው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 28

ይድረስ ለጋሼ፣

ደብዳቤህን መጋገሪያው አጠገብ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ፊቴ የጋለው ከእሳቱ ነው ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ዋሸሁ። የጥገና ሒሳብ ለመቆጠብ ብዬ ምስጢሬን በካልሲ ጠቅልዬ፣ በዓለም ላይ ሊያነበው ለሚችለው ለአንዱ ሰው ላክሁት። እንዲህ ያለ ሞኝነት ከኔ በቀር ማን ይሠራል?

በጸሐፊነት የገባሁበት ጽሕፈት ቤት ነሐሴ ላይ ተዘጋ። አንድ ሰኞ ጠዋት ስሄድ በሩ ላይ የማላውቀው ቁልፍ ተንጠልጥሏል። አለቃችንም፣ የመጨረሻ ደመወዜም የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለት ሳምንት ከተማውን ስዞር ከረምኩ። ዳቦ ቤቱ ውስጥ የገባሁት ሥራ ልጠይቅ አልነበረም፤ ዝናብ ሲወርድ ልጠለል ነው። ባለቤቷ "ዝም ብለሽ ከምትቆሚ መጥረጊያውን አንሺ" አለችኝ። አነሳሁት።

አሁን ሊጥ ጠረጴዛው ላይ ደርሻለሁ። እየመዘንኩ እቆርጣለሁ፣ እያድቦለቦልኩ እደረድራለሁ። ልንገርህ ጋሼ? ወድጄዋለሁ። ብርድ የሆነ ቀን ሊጡ ሰነፍ ነው፣ ሙቀት ሲሆን ደግሞ ጥጋበኛ ነው። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ባለቤቷን እጠይቃታለሁ፣ እሷም እንደ አንተ "ለምን ጠየቅሽ" አትለኝም። የሚገባኝ ከድሮው ደመወዝ ያንሳል፣ ግን ያደረ ዳቦ በነጻ ስለምወስድ ፎቁ ሙሉ በኔ ዳቦ ነው የሚበላው።

አልዋሸሁህም፤ ዘለልኩህ። ፈርቼ ነው። ይህን ካወቅህ መጥተህ ሻንጣዬን የምታነሳ መሰለኝ። ግን እባክህ ውሉን አውጣና እየው፤ "በራሴ ገቢ" ይላል እንጂ "ጸሐፊ ሆኜ" አይልም። ስለ ድስቱ፣ ስለ አግዳሚው፣ ስለ ገበያው የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው። እስከ ሚያዝያ ተወኝ። አትምጣ።

ሰከንድህ


ጥር 16

ይድረስ ለሰከንዴ፣

አልተቆጣሁም። ተቆጥቼ ነበር፣ ሁለት ቀን ቆየና አለፈልኝ። ካርኒውን አውጥተን ፀጉር አስተካካዩ ጮክ ብሎ አነበበው። እውነትሽን ነው፣ ጸሐፊ የሚል ቃል የለበትም። ውሉ እንዳለ ነው፤ ሚያዝያ ሠላሳ።

ሰዓቷን ሠርቼ ልኬያለሁ። ሊጥ ስትነኪ አውልቂያት።

በዚህ ወረቀት ጀርባ ያሉት ጥያቄዎች ለአንድ ደንበኛዬ ናቸው። ወደዚያ የሚያስኬደው ጉዳይ አለው፤ ሰውየው ብዙ ገንዘብ የለውም፣ ሰው ማስቸገርም አይወድም። በዝርዝር መልሺለት።

ያቺ ፒያኖ ተማሪ ቦታዋን አለፈቻት ወይ?

ወንድምሽ


የካቲት 10

ይድረስ ለጋሼ፣

ለደንበኛህ መልስ ጽፌ ጨርሼ ነበር። ሦስት ሳምንት በርካሽ የት እንደሚያድር፣ ከጣቢያው እስከ ትልቁ ሆስፒታል መንገድ ስንት ጊዜ እንደሚሻገር፣ መንገድ ቢጠይቅ ሰው ይመራው እንደሆነ፣ ሁሉንም። ያንን ደብዳቤ ቀድጄዋለሁ። ምክንያቱን ልንገርህ።

ሰዓቷ በመጣች በሰባተኛው ቀን ቆመች። እንደገና ልልካት አፈርኩና ጣቢያው አጠገብ ወዳሉት ሽማግሌ ወሰድኳት። ክዳኑን ከፍተው አዩና፣ "ማነው የነካካት?" አሉኝ።

"ሰዓት ሠሪ ነው" አልኳቸው።

"ለማጅ ነው እንጂ ሰዓት ሠሪስ አይደለም። ብሎኖቹን በልቷቸዋል።"

ደሜ ፈላ። "ወንድሜ ሰዓት ሲፈታ እርስዎ ገና" ብዬ ጀመርኩና ሽበታቸውን ሳይ ዋጥኩት። እሳቸው ግን አልተቀየሙም። ዓይናቸው ላይ ያለውን አጉሊ መነጽር አውልቀው ሰጡኝ። "እስቲ ራስሽ እይው።"

አየሁት። የብሎኖቹ ራስ ተፋፍቋል። ካቻቢቴው ያመለጠበት ረጅም ጭረት አለ። አንዱ ብሎን ጭራሽ የለም። አንተ እኮ ልጅ ሆኜ መብራት አስይዘኸኝ "ብሎን የጫረ እጁን ይታጠብና ሌላ ሥራ ይፈልግ" የምትለኝ ሰው ነህ! ያ ብሎን ወድቆብህ፣ መሬት ላይ ተንበርክከህ በእጅህ ስትዳብስ ታየኝ። ሱቃቸው በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ ጋሼ። መንገደኛ እስኪያየኝ ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣልኝ። ፊደልህ የገዘፈው ብዕሩ ስለወፈረ አይደለም። ደረጃውን፣ መደገፊያውን፣ የአውቶቡሱን ጥሪ የጠየቅኸኝ ለራስህ ነው፤ አታይም ብዬ መች አሰብኩ። ውሉን ፀጉር አስተካካዩ ያነበበው አንተ ማንበብ ስላልቻልክ ነው። ዱቄቱንም በምላስህ ያወቅኸው ስላላየኸው ነው። እኔ ደግሞ ብልጠት መስሎኝ ስደነቅ ከረምኩ! ደንበኛህ አንተ ነህ።

ሽማግሌው ሲያለቅስ ላዩት ሰው ወንበር የሚያወጡ ሰው ናቸው። አስቀምጠውኝ፣ "ጭጋግ ጭጋግ ይለዋል? ፀሐይ ላይ ይብስበታል?" አሉኝ። እሳቸውም ሆኖባቸው ነበር፤ የዓይን ሞራ ነው ተብለው፣ እዚሁ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸው፣ ይኸው ዛሬ ያንተን ጭረት ያያሉ። "የወንድምሽ ይሄው ነው ማለት አልችልም፣ ሐኪም ይየው። ግን አይቆይ" ነው ያሉኝ። ለነርሷ ነገርኳት። ካርድ እንዴት እንደሚወጣ፣ ወረፋው በየትኛው ቀን እንደሚያጥር ታውቃለች።

ለምን እንዳልነገርከኝ አልጠይቅህም። ብትነግረኝ በመጀመሪያው አውቶቡስ እንደምመጣና ዓመቴ እንደሚቋረጥ አውቀህ ነው። ልክ ነህ፣ እመጣ ነበር። አሁን ግን አልመጣም። አንተ ትመጣለህ። ባለፈው አትምጣ ያልኩህን ሰርዘው።

ሰከንድህ


የካቲት 24

ይድረስ ለሰከንዴ፣

ይህን የምጽፈው እኔ ፀጉር አስተካካዩ ነኝ። ወንድምሽ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ቃል እንዳልጨምርበት አስምሎኛል።

የጀመረኝ ባለፈው ሰኔ ነው። መጀመሪያ መብራቱ የደከመ መስሎኝ አምፖል ቀየርኩ። ቀጥሎ መነጽሩን ወለወልኩ። መስከረም ላይ ግን የደንበኛ ሰዓት ወስጄ ሳልሠራ መለስኩ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። (ሦስት ቀን ሱቁን አልከፈተም። ይህን አልነገረኝም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት።)

ያንቺን ሰዓት መንካት አልነበረብኝም። የእማዬ ሰዓት ናት፣ እጄ በልምድ ያውቃታል ብዬ ነው። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ስለ ጭረቱ ይቅርታ አድርጊልኝ። ብሎኑን ይህ ሰውዬ አብሮኝ ፈልጎ አጥቶታል። (ፀጉር መሐል ጠፋ።)

ጥያቄዎቹን የጀመርኩት ለራሴ ነው፤ አንድ ሰው ሳያይና ገንዘብ ሳይኖረው በዚያ ከተማ መንቀሳቀስ ይችል እንደሆነ ለማወቅ። በኋላ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ድስቱ፣ የሞተው ውሻ ፌርማታ፣ ያቺ ሴትዮ የምትሰናከልባት ቦታ፣ ሁሉም ያጓጓኝ ጀመር። ደብዳቤሽ ሲመጣ ይህ ሰው ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ትቶ እየሮጠ መጥቶ ያነብልኛል። (ደንበኛው ራሱ ነው አንብብ ያለኝ።)

ፈርቻለሁ። ከዚህ እጅ ሌላ ሙያ የለኝም። ሐኪሙ አይሆንም ቢለኝ ምን እንደምሆን አላውቅም። ግን እመጣለሁ። መጋቢት አሥራ ስድስት ጠዋት በሚነሳው አውቶቡስ።

ወንድምሽ
(የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያለቀሰው ግን እሱ ነው። ይህንንም ጨምሬያለሁ።)


መጋቢት 4

ይድረስ ለጋሼ፣ በፀጉር አስተካካዩ ድምፅ፣

ጋሼ ፀጉር አስተካካይ፣ እባክዎ ይህን ሁለቴ ያንብቡለት።

ከአውቶቡስ ስትወርድ አትንቀሳቀስ፤ እኔ ነኝ የማገኝህ። ባለቤቷ ፈቃድ ሰጥታኛለች። ነርሷ እህቷ ዘንድ ስለምትሰነብት አልጋዋ ያንተ ነው። ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ ሊያዩህ ይፈልጋሉ፤ "ያን ጭረት የጣለው ሰው ሲድን ራሱ መጥቶ ያስተካክለው" ብለው ሰዓቷን አልነካም ብለዋል። ማክሰኞ ስለምትደርስ ድስቱ የኔ ተራ ነው።

ደረጃው ላይ እኔ ከኋላህ እሆናለሁ። ግራ እጅህን ብረቱ ላይ አድርግ። አርባ ስምንት ነው። አብረን እየቆጠርን እንወጣለን፤ የሁለተኛ ፎቋ ሴትዮ ብትወጣ ምን እንደጠፋብን አንተ ትነግራታለህ።

ሰከንድህ


ሚያዝያ 30

ሰከንዴ፣

ይህን የምጽፈው ጠረጴዛሽ ላይ ሆኜ ነው፤ አንቺ ዳቦ ቤት ነሽ። ሐኪሙ ሞራውን ካወጣልኝ ወዲህ የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ነው፤ ፊደሌን ተመልከቺ። በአንድ ገጽ ሠላሳ አንድ መስመር ገባልኝ። ወረቀት ጨረስክ እንዳትይኝ።

ዛሬ ለብቻዬ ወጣሁ። መጀመሪያ ሽማግሌው ዘንድ ስሄድ ወንበራቸውን ለቀቁልኝና ሰዓቷን ከፈትኳት። ብሎኖቹን በሙሉ ቀይሬያለሁ። ጭረቱን አለስልሼዋለሁ፣ ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ የሚያውቅ ሰው ያየዋል። ዱቄት እንደገና ገብቶባታል፤ አውልቂያት ብዬሽ ነበር። ከዚህ ወረቀት ሥር ናት፣ ሞልቻታለሁ።

ስመለስ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሐሙስ ነው። ሴትዮዋ አሁንም እዚያችው ቦታ ተሰናከለች። በመስኮቱ እጇን አየሁት። ትሳሳታለች፣ ትስቃለች፣ እንደገና ትጀምራለች። አንቺ ይህን አልጻፍሽልኝም ነበር፤ ከአግዳሚው ተነስተሽ አይተሻት አታውቂም መሰለኝ።

ደረጃውንም እየወጣሁ ቆጠርኩት። አርባ ሰባት ነው። አርባ ስምንተኛው የበራችሁ ደፍ ነው። መጋቢት ላይ እግሬ ሲወጣው ደረጃ መስሎት ነበር፣ ዛሬ ግን አየሁት። ውሸት ነው አልልም፤ አንቺም በጨለማ እየወጣሽ የቆጠርሽው ነው።

ውሉን አውጥቼ ራሴ አነበብኩት። ዓመቱ ዛሬ ሞላ። ከሦስት ቀን ጀምሮ እኔንና ሻንጣሽን እያፈራረቅሽ ማየትሽን አውቄብሻለሁ፤ ዓይኔ አሁን ያንንም ያያል። ነርሷ ነገ ስለምትመለስ እኔም በነገው አውቶቡስ እሄዳለሁ። ሱቄን ከሰዓት በኋላም ልከፍተው ነው። ከዚህ ቤት ነገ የሚወጣው ሻንጣ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የኔ ነው።

ዛሬ የድስቱ ተራ የማን እንደሆነ ጠይቄ፣ ሽንኩርቱን ልጬ አቀብያቸዋለሁ። ስትመጪ ያደረ ዳቦ ይዘሽ ነይ፤ ለመንገዴም ጨምሪበት፣ ፀጉር አስተካካዩ ቀምሶት አያውቅም።

ወንድምሽ